አክስቴና ጌት የሚባለው ቃል

አክስቴ ጥላዋንም አታምንም። ወተት ሻጩ ፈገግ ካለ ውሃ ጨምሮበታል ትላለች፤ ካኮረፈ ደግሞ ጨምሮበት ኅሊናው እየወቀሰው ነው። ሰፈሩ «ዘበኛዋ» የሚላት በከንቱ አይደለም። ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። በዚህ ዓለም ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ የምትፈራውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺን ልጅ የሆነ ሰው መጥቶ እንዳይወስድባት።

ልጅቷ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። አመሻሽ ላይ ቤት ድረስ የሚመጣ አንድ ተማሪ ነበራት፤ ሚስቱ የሞተችበት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ረጋ ያለ፣ ጫማውን በር ላይ ደጋግሞ የሚጠርግ። አክስቴ ያንን ጫማ መጥረግ አልወደደችውም።

«ይሄን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው የሆነ ነገር አስቧል» አለችኝ።

በማግስቱ የስፌት መኪናዋን አስጎትታ ሳሎን አስገባችው። ብርሃን ፍለጋ ነው አለች፤ የሳሎኑ አምፖል ግን ከጓዳው የባሰ ነው። አሠራሯ ቀላል ነበር። እነሱ ጮክ ብለው ሲያወሩ ትሰፋለች፤ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ፔዳሉን ቀጥ ታደርገዋለች። ምስኪኑ ሰውዬ ነገሩ ስለገባው እንግሊዝኛውን እየጮኸ መማር ያዘ።

ሲማር የከረመውም አንድ ቃል ነው፤ ጌት። ደብዳቤ ሲደርስህ ጌት፣ አውቶቡስ ስትሳፈር ጌት፣ ከአልጋ ስትነሣ ጌት፣ ስትናደድ ጌት፣ ሥራ ስታገኝ ጌት፣ ነገሩ ሲገባህም ጌት።

«አንድ ቃል ይሄን ሁሉ ከየት አምጥቶ ይችላል?» ትለኛለች አክስቴ። «ሁሉን እችላለሁ የሚል ሰው ቀጥሬ አይቻለሁ፤ እጅጌውን ገልብጦ ሰፍቶልኝ ሄደ። ቃሉ ሰበብ ነው።»

አንድ ቀን ሰውዬው «ጌት ማሪድ!» ብሎ ጮኸ።

«ማግባት ማለት ነው» አለችው ልጅቷ።

ፔዳሉ ቆመ። «ይቺን ደግሞ ምን ሊያደርጓት ነው?» አለች አክስቴ።

«መጽሐፉ ላይ ስላለች ነው፣ እትዬ» አለ ላብ እያጠመቀው።

«እንግዲያው ዝለሏት።»

እኔ ሳቄን አፍኜ ክሩን በጥርሴ ቆረጥኩ። አክስቴ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሌባ ስትጠብቅ ቃሉን ከነትርጉሙ ጠጥታዋለች፤ እሷም አላወቀችም።

ልጅቷ ከእናቷ የምትደብቀው ወሬ ሲኖር በስልክ እንግሊዝኛ ታወራለች። አንድ እሑድ ኩሽና ሆና እንደዚያው ስታወራ ፔዳሉ ቆመ። እኔ አንድም ነገር አልገባኝም። አክስቴ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«አግኝታለች» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሥራ አግኝታለች። ጌት ጆብ አለች። ከዚያ ማዘር አለች፤ ከዚያ ኖ፣ ኖ።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«እናቴን ትቼ አልሄድም እያለች ነዋ።»

ልጅቷን ለብቻዋ ይዤ ጠየቅኳት፤ እውነት ነበር። ስትመኘው የኖረችው ትልቅ ትምህርት ቤት ቀጥሯት ነበር፤ ከተማው ግን ሩቅ ነው። እናቷ ለጎረቤት እንኳ በር የማትከፍት ሴት፣ ብቻዋን እንዴት ትቀመጣለች? ብላ ትታዋለች። የፈራችው ወሳጅ አልመጣም፤ ልጅቷን አስራ የያዘቻት ራሷ ነበረች።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጫማውን ጠርጎ ሲገባ፣ አክስቴ ከመኪናዋ ተነሣች።

«ክፍልሽን ለእሳቸው አከራይቼዋለሁ» አለቻት ለልጇ። «ሌላ ቤት ፈልጊ።»

ሰውዬው ወሬውን ገና መስማቱ ነበርና እኔን አየኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ልጅቷ ግን አንዴ እናቷን፣ አንዴ ሰውዬውን በጥርጣሬ መረመረቻቸው፤ ልክ እናቷን መሰለችኝ።

«እማ፣ አንቺ ተከራይ ልታስገቢ? የት ሂጂ እያልሽኝ ነው?»

«ያገኘሽው ሥራ ጋ ነዋ።»

ልጅቷ ወንበሩን ተደግፋ ቆመች። «ማን ነገረሽ?»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚህ ተቀምጬ ስታስተምሪኝ ከርመሽ ማን ነገረሽ ትይኛለሽ?»

«ያለ እኔ መቅረት አትፈሪም?»

አክስቴ መቀሱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«እፈራለሁ እንጂ» አለቻት። «ስለዚህ ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ሂጂ።»