የወረቀቱ ሌላ ግማሽ

የአየር መንገድ ቴክኒሻን የነበሩት አቶ በኃይሉ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለው ቤታቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ተዋጊ ጄቶች ይገጣጥማሉ። ለጄቶቹ ከውጭ የሚያስመጡት የተለጣፊ ምልክት ወረቀት ግማሹ የኢትዮጵያ፣ ግማሹ የኤርትራ አየር ኃይል ነው፤ አታሚዎቹ እርስ በርስ የተዋጉ አገሮችን ምልክት ባንድ ወረቀት ነው የሚሸጡት። የኤርትራውን እየቆረጡ መሳቢያ ውስጥ ሲወረውሩት ኖረዋል።

አንድ ቅዳሜ ኤርትራዊው ጎረቤታቸው አቶ ኪዳነ አዩትና «ለእኔ አትሰጠኝም?» አሉ። አቶ በኃይሉ እየተነጫነጩ ሰጧቸው፤ አንድ ጄትም ጨመሩላቸው። ሁለቱም ምልክቶቻቸውን አንድ ሳህን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ጄቶቻቸው ላይ ለጠፉ። የአቶ በኃይሉ አረፋ ቋጠረ፤ የአቶ ኪዳነ ልክክ አለ። ይህም አቶ በኃይሉን አናደዳቸው።

ሲደርቅ አቶ ኪዳነ ጄታቸውን የአቶ በኃይሉ መደርደሪያ ላይ ከኢትዮጵያው ጄት ፊት ለፊት፣ አፍንጫ ለአፍንጫ አቆሙት።

«ምን ነካህ ሰውዬ!» ብለው ተቆጡ አቶ በኃይሉ። «አዙረው እንጂ! ሁለቱም ወደ መስኮቱ ይዩ።»