የእሑድ ቀሚስ በቡና አልጋ ዙሪያ

ሰው ሳያውቅ የተነሣ ፎቶ ነው እውነተኛው ይላሉ። ሐሰት ነው። ሳያውቅ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አፉን ከፍቶ ነው የሚገኘው፤ እውነት አፍ መክፈት ከሆነ እኔ በእንቅልፌ ነቢይ ነኝ።

ይህን የምለው የታናሽ እኅቴን ሥራ ከቅርብ ስላየሁ ነው። ዲላ ውስጥ ፎቶ ቤት አላት። እንጀራዋ ሠርግና ምረቃ ነው፤ ልቧ ግን ሌላ ዘንድ ነው። የአገራችንን ሰው በገዛ ኑሮው መካከል እንደ ቲያትር አቁማ ታነሣለች። ፀጉር አስተካካዩን ከነወንበሩ አስፋልት ዳር አውጥታ አንሥታዋለች። ጨርቅ ነጋዴውን ሐጂ ደግሞ ጣቃዎቻቸውን እንደ ዙፋን ደርድራ አስቀምጣቸዋለች። ምስሉን አስቀድማ በእርሳስ ትነድፋለች፣ ብርሃኑን ትመርጣለች፣ እኔን ብርሃን የሚመልስ ነጭ አቡጀዴ ታስይዘኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ ማንበቤ ለዚህ አበቃኝ።

ባለፈው የቡና ወቅት ተራው ኢዲዶ የምትባል የቡና መንደር ሴቶች ሆነ። ከፍ ብሎ በተሠራ የቡና ማድረቂያ አልጋ ዙሪያ ቆመው ከተሰጣው ቡና መካከል እንከን ያለበትን እየለቀሙ የሚያወጡ ናቸው። ንድፉ ተዘጋጅቷል፦ የማለዳ ጭጋግ፣ ያረጀ የሥራ ልብስ፣ የደከመ እጅ። ፎቶውን አዲስ አበባ ለሚከፈት ዐውደ ርዕይ ልትልከው ነበር። ሥራዋ እዚያ ተሰቅሎ ለማየት ለዓመታት ተመኝታለች።

በቀጠሮው ማለዳ ሴቶቹ ጭቃውን በባዶ እግራቸው አቋርጠው መጡ። በየእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። እግራቸውን ታጠቡና ከፌስታሉ የተወለወለ ጫማ አወጡ። የደረቡትን ሲጥሉ ከሥር በደንብ የተተኮሰ የቤተ ክርስቲያን ቀሚስ ብቅ አለ።

እኅቴ ክው አለች። "እማማ፣ በሥራ ልብስ ኑ ብዬ አልነበር?" አለቻቸው በዕድሜ ትልቋን እናት።

"ፎቶ ነው ያልሽን። ፎቶ ደግሞ እንዲህ ነው።"

"እኔ እኮ የማነሣው ሥራውን ነው።"

"እንግዲያ የሥራ ልብሴን ልላክልሽ፣ እሱን አንሺው። እኔ ልቅር።"

ሳቁ ከአልጋ አልጋ ተዛመተ። አንዷ ወጣት ወደ እኔ ዞራ፣ "እኚህ ጋሼስ አንሶላ ይዘው የቆሙት ለምንድን ነው? ሊያሰጡት ነው?" አለች።

እኅቴ ንድፏን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና አቋቋሙን ለእነሱ ተወችው። ትልቋ መካከል ገቡ፤ ሌሎቹ ግራና ቀኝ ተደረደሩ፤ አገጭ ሁሉ ቀና አለ። ዓይናቸው ካሜራው ላይ ነው። ጣታቸው ግን አላረፈም፤ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ሳያዩም፣ እንከኑን እየለቀሙ ነበር። ከዚያ የበለጠ የሥራ ፎቶ አላየሁም።

ፎቶውን በላከች በሳምንቱ፣ ለዐውደ ርዕዩ ፎቶ የሚመርጠው ሰውዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። ስልኩን ጮክ አድርጋ ስለከፈተችው እኔም ሰማሁ። "በጣም ያምራል፤ ግን ተፈጥሯዊ አይደለም። ለሽርሽር የወጡ ነው የሚመስሉት። በሥራ ልብስ ድገሚውና ግድግዳው ያንቺ ነው።"

ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ስንት ዓመት የጠበቀችው ግድግዳ እንደሆነ አውቃለሁ።

"የለበሱት ለእኔ ነው። አውልቁ አልላቸውም" አለችና ዘጋችው።

ግድግዳው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኅቴም አለቀሰች፤ ጀግና ሰው አያለቅስም የሚሉትም ሐሰት ነው። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ፎቶውን በትልቁ አሳተመችና በፎቶ ቤቷ መስኮት፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ ሰቀለችው።

ሴቶቹ በሚኒባስ ተሳፍረው ሊያዩት ዲላ መጡ። ትልቋ ብዙ ቆመው ካዩት በኋላ አንድ መንገደኛ ክንዱን ይዘው አስቆሙና፣ "ይኸው እኛ! ጣታችንን እይ፣ ሥራ ላይ ነን!" አሉት። ሰውዬው ወደ ጉዳዩ ቸኩሎ ነበር፤ ግን ቆሞ አየ። የዓለምን ታላላቅ ሥዕሎች በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። በአንዳቸውም ፊት በዚያ መስኮት ፊት የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

እና አንተ፣ ካሜራህን አንግተህ ወደ አገራችን የምትመጣው፦ ከሩቅ አትስረቅ። ቀርበህ አስፈቅድ፤ ከዚያ ልብሳቸውን ቀይረው እስኪመጡ ቁጭ ብለህ ጠብቅ።