ናፍጣ ሞልቶ የተመለሰው መኪና

ዛሬ ወደቡ በር ላይ መኪናችንን መለሱብን። ጥፋቱ? ናፍጣ ሞልቶ መምጣቱ!

ስድስት ዓመት ሾፌሯ የነበርኩላት ማዳም ጠቅልላ ወደ አገሯ ፈረንሳይ ልትገባ ነው። መኪናዋም በመርከብ ይሄዳል።

ትናንት ከሥሩ ሳይቀር አጥቤ፣ ውስጡን ባዶ አድርጌ፣ በመጨረሻ አምቡሊ ሰፈር ማደያ ሄጄ ናፍጣ ጢም አድርጌ ሞላሁት። ከአገሬ ወጥቼ እዚህ ወደብ ከተማ ከመቅረቴ በፊት በአዲስ አበባ መስመር አሥራ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ። መኪና ሩቅ አገር ሲሄድ ሳይሞላ ይሸኛል እንዴ?

የወደቡ ፈታሽ የነዳጁን ጌጅ አይቶ ሳቀ። «ወንድሜ፣ መርከብ ላይ እኮ ነው የሚጫነው! እሳት እንዳይነሳ ከሩብ በታች መሆን አለበት።»

ማዳም «በል እየዞርን እንጨርሰው» አለችኝ። ካርቲየ 4 የሚባለውን ሰፈር ሦስቴ ዞርን። ከተማችን ትንሽ ናትና ጌጁ ንቅንቅ አላለም!

በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ የድሮ ጓደኛዬ የጭነት መኪና ናፍጣውን በቱቦ ገለበጥንለት።

መኪናው ወደ ማዳም አገር፣ ናፍጣው ወደ እኔ አገር ሄደ። እኔ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። መኪና በመርከብ የላካችሁ እስቲ ንገሩኝ፦ እዚያ ባዶውን ሲወርድ ማን ይሞላለታል?