የደመወዝ ጣሪያውና የክርስትና አባቱ

የቅርጫት ኳስ የደመወዝ ጣሪያ ሕግን የተማርኩት በቅናት ነው። ሒሳብ ወድጄ አይደለም። አንድ የሮዝዌል ሰው ጓደኛዬን ሊነጥቀኝ የመጣ ስለመሰለኝ ነው።

ጓደኛዬና እኔ በአንድ ዓመት ዲቪ ደርሶን የመጣን ነን። ክላርክስተን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርታማ ለዓመታት አብረን ኖረናል፤ አንዳችን አልጋ ላይ፣ አንዳችን ሶፋ ላይ፣ በየሳምንቱ እየተቀያየርን። እሱ አግብቶ ዲኬተር አጠገብ ቤት ከገዛ በኋላም ጨዋታ ባለ ቁጥር እሱ ሳሎን ነበርኩ። በመስኮቱ በኩል ያለው የሶፋው ጥግ የእኔ ነው። ማንም በወረቀት አልሰጠኝም፤ ግን ባለቤቱ እንኳን እዚያ አትቀመጥም ነበር።

ሁለታችንም ያደግነው በእግር ኳስ ነው። እኛ በምናውቀው ዓለም ሀብታም ክለብ የፈለገውን ተጫዋች ይገዛል፤ አለቀ። ስለዚህ የከተማችን የቅርጫት ኳስ ቡድን በተሸነፈ ቁጥር አንዱን የሌላ ቡድን ኮከብ በጣታችን እያሳየን «ይኼን ልጅ ለምን አይገዙትም?» እንባባላለን። ትንታኔያችን ከዚህ አያልፍም ነበር። በዚህ ዓይነት ለዓመታት እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ያልገዛነው ሰው የለም፤ ደስ ብሎንም ነው የኖርነው።

አንድ ቀን ስደርስ ጥጌ ላይ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። የጓደኛዬን ታክስ የሚሠራለት ሰው ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሮዝዌል ይኖራል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ተነሥቶ ጨበጠኝና እዚያው ጥጌ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ጨዋታው መሀል ላይ ጓደኛዬ እንደ ልማዳችን «ይኼን ልጅ ለምን አይገዙትም?» አለ።

«መግዛት የሚባል ነገር እኮ የለም» አለ ሰውዬው። «ሳላሪ ካፕ አለ። ሁሉም ቡድን ለደመወዝ የሚያወጣው ተመሳሳይ ጣሪያ አለው። የኛዎቹ ደግሞ ኦቨር ናቸው፣ ጣሪያውን አልፈዋል። ልጁን ከፈለጉት በራሳቸው ሰው ትሬድ ማድረግ፣ መለወጥ ነው ያለባቸው።»

ጓደኛዬ ሪሞቱን አንሥቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰለት። እኔ ስናገር የቴሌቪዥን ድምፅ ተቀንሶልኝ አያውቅም። እንዲያውም እኔ ስናገር ነው የሚጨምረው።

ከዚያ ወዲያ ጓደኛዬ አፉን በከፈተ ቁጥር «እሱ እንዳለው» ማለት ሆነ። እሱ እንዳለው ይኼ ኮንትራት መጥፎ ነው፤ እሱ እንዳለው ያንን ልጅ ትሬድ ማድረግ አይቻልም። በምሳ እረፍቴ ይደውልልኝ የነበረው ቀረ። ስደውልለት መስመሩ ተይዟል። ከማን ጋር እንደሚያወራ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ይሆናል። ግን ያኔ የጓደኛዬ ባለቤት ወንድ ልጅ ወልዳ አራስ ቤት ነበረች። የሕፃኑን ወንበር መኪና ውስጥ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣኋቸውም እኔ ነኝ፣ ጓደኛዬ ከልጁ ላይ ዓይኑን መንቀል ስላቃተው። በእኛ ወግ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ክርስትና የሚያነሣው ሰው ደግሞ ሁለተኛ አባቱ ነው። ያንን ልጅ የማነሣው እኔ እንደሆንኩ ልጁ ሳይጸነስ ጀምሮ ነው የማውቀው። ነገር ግን ቀኑ እየቀረበ ጓደኛዬ ምንም አላለኝም። እኔም እንደ ሞኝ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ይኼን የደመወዝ ጣሪያ አጥንቼ፣ ሰውዬውን በገዛ ሜዳው አሸንፌ ቦታዬን አስመልሳለሁ።

የምሠራው ኤርፖርት አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኞችን በሚያመላልስ ሚኒባስ ላይ ነው። በመኪናው ውስጥ ማንም ሳይኖር ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያወሩ ሰዎችን ፖድካስት እከፍታለሁ። ሲናገሩ ማን ያሳድዳቸዋል ያሰኛሉ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። እየቆየ ግን ይገባኝ ጀመር። ከጣሪያው ከፍ ብሎ ሌላ መስመር አለ፤ እሱን ያለፈ ቡድን ቅጣት ይከፍላል፤ የቅጣቱም ገንዘብ መስመሩን ላላለፉት ይከፋፈላል። ስብሰባ በቀረ ሰው ላይ መቀጮ የሚጥል እድር ባውቅም፣ መቀጮውን ላልቀሩት የሚያከፋፍል ግን አላየሁም። ከዚያም በላይ ኤፕረን የሚሉት መስመር አለ፤ እሱን የተሻገረ ቡድን ቅጣት ከፍሎ እንኳን አይገላገልም፣ እጁን ያስሩታል። መንገደኛ ሻንጣውን ሲያስገባ ፖድካስቱን አቆማለሁ፤ ሲወርድ እቀጥላለሁ። ለዜግነት ፈተና እንደዚህ አላጠናሁም።

ከዚያ የምጠብቀው ቀን የደረሰ መሰለኝ። የቡድናችን ዋና ተጫዋች ኮንትራቱ እያለቀ ነበር፤ ሳሎኑ ውስጥ የተወራው ስለ እሱ ነው። ከወንበሬ ተነሣሁ። «ይኼ ልጅ ሄዷል በሉት» አልኩ። «ጣሪያው ሞልቷል። ቢፈልጉም ማስቀረት አይችሉም።» የመስመሮቹን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። ጓደኛዬ አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ደስ አለኝ።

ሰውዬው እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀኝ። ትዕግሥቱ ራሱ አናደደኝ። «አብዛኛው ልክ ነህ» አለ። «ግን ልጁ የራሳቸው ነው። ሦስት ሲዝን አብሯቸው የቆየን ተጫዋች ጣሪያውን አልፈውም ቢሆን ሳይን ሊያደርጉት፣ ሊያስፈርሙት ይችላሉ። ጣሪያው የሚከለክለው የውጭ ሰው ማምጣትን ነው።»

«ታዲያ ይኼ ጣሪያ ነው ወይስ ወንፊት?» አልኩ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ መቀለዴ አልነበረም። «አየኸው አይደል?» አለኝ ጓደኛዬ ወደ ሰውዬው እያመለከተ፣ ልክ አብሬው እንድኮራበት። የያዘኝ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ስለ ልጁ ክርስትና ልጠይቀው ቀርቶ የራሴን ስም ቢጠይቁኝ ያኔ የምመልስ አይመስለኝም።

ስወጣ ጓደኛዬ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። ይህም ልማዱ አልነበረም። በሩን ስከፍት እጁን በሩ ላይ አደረገ።

«ክርስትናው የሚመጣው እሑድ ነው» አለ። «እሱን እንዲያነሣልን ጠየቅነው።»

«ታክስ ስለሠራልህ?»

«አትቀልድ። ሰውዬው እዚህ አገር ዘመድ የሚባል የለውም። ቤቱ ገብቶ የሚያናግረው ሰው የለም። ክርስትና ደግሞ ባዳውን ዘመድ ያደርጋል። ዘመድ እናድርገው ተባብለን ነው።»

«እኔስ?»

ከልቡ ገርሞት አየኝ። «አንተን ምን ላድርግህ? አንተ አጎቱ ነህ። ያለኝን ሰው እንደ አዲስ አመጣለሁ እንዴ?»

ደህና እደር ሳልለው ሄድኩ። መንገድ ላይ ያ ፖድካስት ከቆመበት ቀጠለ፤ ሰዎቹም ልክ ከጓደኛዬ የሰማሁትን ነገር ያወሩ ጀመር። ብልህ ቡድን ከጣሪያው በታች ቦታ ካለው መጀመሪያ የውጭውን ሰው ያስፈርማል አሉ። የራሱን ተጫዋች ያስጠብቀዋል፤ በስሙ ትንሽ ቦታ ይያዝለታል። የውጭው ሰው ከገባ በኋላ፣ ጣሪያው ከሞላ በኋላ፣ በመጨረሻ የራሱን ሰው ጠርቶ ያስፈርመዋል። የራስ ሰው የሚዘገየው ስለተናቀ አይደለም፤ ቦታ ባይኖርም ቦታው ስለማይጠፋ ነው። ከዚያን ቀን በፊት ያልገባኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ቅናቴ ግን ፍንክች አላለም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እያልኩ ቤቴ ደረስኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ላለመሄድ ሰበብ ስፈልግ ከረምኩ። ፈረቃ ተቀየረብኝ ልበል አልኩ፤ አሞኛል ልበል አልኩ። የሚያስጠብቁት ተጫዋች ሁሉ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ አኩርፎ ለሌላ የሚፈርም አለ። ያን ጊዜ ቡድኑ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። ጓደኛዬ ላይ እንዲደርስ የተመኘሁት ይኼን ነበር። እሑድ ሲደርስ ግን ከሁሉም ቀድሜ ቤተ ክርስቲያን ተገኘሁ፤ እግሬን ማን እንዳዘዘው አላውቅም።

ሰውዬው ልጁን አቀፈ። ጥፋት ፈለግኩበት። ልጁን አጠማዝዞ ይይዘዋል፣ ለቄሱ የሚመልሰው ይጠፋዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አንድም አልሳተ። ልጁ ከውኃው ወጥቶ ሲያለቅስ ሰውዬውም አብሮ አለቀሰ፣ እንባውን የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም። ልጠላው የምችልበትን የመጨረሻ ቀዳዳ ዘጋብኝ። በዚህም ቀናሁበት።

ከዚያ ወደ ቤት፣ ወደ ድግሱ ሄድን። በእኛ ድግስ እንግዳ ይቀመጣል፣ የቤት ሰው ይቆማል። መኪና ፓርክ አስደረግኩ፣ ለስላሳ ተሸከምኩ፣ ሽማግሌዎችን አስቀመጥኩ። የክርስትና አባቱ ከቄሱ ጎን፣ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። ሳህኑን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። ሊነሣልኝ ሞከረ።

«ኧረ ተው ወንድሜ፣ አንተም ቁጭ በል» አለኝ።

«እኔ የቤት ሰው ነኝ» አልኩት። ስለው ትንሽ ኮራሁ፤ ወዲያው ደግሞ እግሬን እንዳመመኝ ታወቀኝ።

እንግዳው ሁሉ በልቶ ካበቃ በኋላ ጓደኛዬና እኔ ኩሽና ውስጥ ቆመን ከአንድ ትሪ በላን። ከሳሎን የሰውዬው ሳቅ ይሰማል። ጓደኛዬ ሥጋውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «የራስ ተጫዋች፣ የውጭው ሰው ፈርሞ እስኪያልቅ ሲጠብቅ ምን ይሰማዋል?»

ማኘኩን አቆመ። «እሱ ይኼን አልነገረኝም።»

«ቅናት ነው» አልኩት። «ቅናት ነው የሚሰማው።»

«አውቃለሁ» አለ። «አይቼሃለሁ። ያስጠበቅኩህ የትም አትሄድም ብዬ ነው።»

ይህ ፍቅር ይሁን ንቀት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እንግዶቹ ሲበተኑ ሰውዬው ልጁን ስሞ ወደ ሮዝዌል ሄደ፤ ወንበሮቹን ያጣጠፍኩት እኔ ነኝ።