በአንድ ቁጥር ሁለት ሰው

የሆስፒታሉ ሠራተኛ በሙሉ «ማህደር» ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። ካርድ ክፍል ተቀጥራ ከታካሚዎች ማህደር ጋር ስትውል የተመለከተ አንድ ቀልደኛ ነርስ ይህን ቅጽል ለጠፈባት፤ ቅጽሉም ዋናውን ስም ዋጠው። ከተቀጠረች አሁን ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቁጥሩን የረሳ ታካሚ ሲመጣ ፊቱን አይታ፣ የአባቱን ስም ጠይቃ፣ ከአራት ረድፍ መደርደሪያ ውስጥ ያንን አንድ ማህደር መዝዛ ታመጣለታለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከሁለቱም ጋር ነው የምውለው» እያለች ወረፋ የሰለቸውን ሰው ታስቃለች።

በዚያው ቀን አብራት የተቀጠረች አንዲት ጓደኛ አለቻት፤ የላቦራቶሪው ጸሐፊ፣ «ሳቂታ» የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት ምሳቸውን አብረው በልተዋል። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ የሁለት ሰው ሥራ ሠርታለች። ሳቂታ የደም ውጤት ትመዘግባለች፣ ማህደር ያንን ውጤት በየሰዉ ማህደር ውስጥ ታስገባለች። ሐሜታቸው እንኳ የጋራ ነበር።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሰብስቦ አዲስ ሥራ ሊጀመር መሆኑን ተናገረ። ኩላሊት ሲደክም ሰውየው ሳያውቀው ነው የሚደክመው፤ ሲታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ያለፉት ዓመታት ታካሚዎች መረጃ ለኮምፒውተር ይሰጥና ኮምፒውተሩ ይማርበታል፤ ከተማረ በኋላ ወደ አደጋው እየሄዱ ያሉት እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ይጠቁማል፣ እነሱም ተጠርተው ይታከማሉ። ለዚህ ሁለት መረጃ ያስፈልጋል፤ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚናገረው ካርድ ክፍል ያለው ሠንጠረዥና ደሙ ምን እንደሚል የሚናገረው የላቦራቶሪው ሠንጠረዥ። ሁለቱን በትክክል አንድ የሚያደርግ ሠራተኛ ተመርጦ ለአራት ወር ሥልጠና ይላካል።

ማህደር ይህን ስትሰማ ዕጣው የእሷ መሆኑን አልተጠራጠረችም። ከእሷ ሌላ ታካሚዎቹን የሚያውቅ ማን አለ? በሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ስም ግን የሳቂታ ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት።

ማታ ባሏ ሁለት ጊዜ አያት። «ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«አንቺ ምንም ስትዪ ነው የምፈራው።»

«እኩል ነው የተቀጠርነው» አለች፤ ያጠበችውን ሳህን ደግማ እያጠበች። «ታካሚውን የማውቀው እኔ ነኝ። እሷ የምታውቀው ብልቃጥ ነው።»

«ጓደኛሽ አይደለችም እንዴ?»

«ስለሆነች እኮ ነው!»

እውነቷን ነበር። የማታውቀው ሰው ቢመረጥ ኖሮ ሁለት ቀን ተበሳጭታ ትተወው ነበር። ያንቺው እኩያ፣ ከጎንሽ ተቀምጣ የበላች፣ ጫማዋ ሲያልቅ ጫማሽን ያዋስሻት ሰው ስትሆን ግን ነገሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ሳቂታ ከሥልጠና ስትመለስ ላይኛው ፎቅ ላይ የመስታወት በር ያለው ክፍል ተሰጣት። ወንበሩ ይሽከረከራል። ማህደር ወደዚያ ፎቅ የምትወጣበት ሰበብ አታጣም፤ ወጥታ በመስታወቱ በኩል ታያለች። ሳቂታ አንገት ላይ አዲስ መነጽር በገመድ ተንጠልጥሏል። ድሮ «እትዬ ማህደር፣ ይህን ሰው ታስታውሺዋለሽ?» እያሉ ወደ ታች ይወርዱ የነበሩ ሐኪሞች አሁን ሽቅብ ይወጣሉ። ማህደር እያንዳንዳቸውን ደረጃው ላይ ትቆጥራቸዋለች፤ ሲወርዱ እየሳቁ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ይበላሽባታል።

የባሰው ግን ሳቂታ ሥራውን መቻሏ ነው። ላቦራቶሪው ከጥቂት ዓመታት በፊት መሣሪያ ሲቀይር የኩላሊቱ ምርመራ መለኪያም ተቀይሮ ነበር፤ ድሮ አንድ ይባል የነበረው ውጤት በአዲሱ መለኪያ ሰማንያ ስምንት ይባላል። ይህን የማያውቅ ሰው አሮጌውንና አዲሱን ቢደባልቅ ኮምፒውተሩ ጤነኛውን ሁሉ ሊሞት ነው ብሎ ይማር ነበር። ሳቂታ ግን በዚያ መሣሪያ ላይ ያረጀች ናትና፣ ሁሉንም በቅድሚያ ወደ አንድ መለኪያ መለሰችው። ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ አመሰገናት። ማህደር አጨበጨበች፤ መዳፏ ግን አልተገናኘም ማለት ይቻላል።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ሳቂታ ደብተር ይዛ ወደ ካርድ ክፍል ወረደች።

«ያንቺንና የእኔን ሠንጠረዥ በካርድ ቁጥር ላጋባቸው ነው» ብላ ሳቀች። «ስለ ሙሽራዋ የማላውቀው ጉድ ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

«ምን ጉድ ይኖራል?»

«አንዳንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ መጥቷል። ለምስጢር ተብሎ ስም ተሰርዞ ነው የተሰጠኝ፣ ማን እንደሆኑ አላይም። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ሰው ነው አይደል? ዕድሜው ግን ቦታ ቦታ ይለያያል፤ የጽሕፈት ስህተት ይሆን? አሮጌውን ላጥፋና አዲሱን ልተወው?»

ማህደር መልሱን ታውቀው ነበር፤ በዚያ ሆስፒታል ውስጥ የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጣሪያው አፍስሶ ዋናው መዝገብ ሲበሰብስ የያኔው ኃላፊ ቁጥር እንደገና ከአንድ እንዲጀመር አዘዘ። አሮጌና አዲስ እንዳይምታታ አዲሶቹ ማህደሮች ጀርባ ላይ አረንጓዴ መስመር ተሰመረ። ያሰመረችውም ማህደር ራሷ ነበረች። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ለመስመሩ ቦታ አልተሰጠውም፤ ጸሐፊዎቹ ቁጥሩን ብቻ አስገቡ። ስለዚህ ከአንድ እስከ አራት ሺህ ገደማ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የሁለት ሰው ነው።

ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማህደር ግን የተንጠለጠለውን መነጽር አየች።

«እንደመሰለሽ አድርጊ» አለች። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።»

ሳቂታ ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያው ዝርዝር ወረደ፤ ቁጥርና ዕድሜ የተጻፈባቸው አርባ ሰዎች። ማህደራቸውን ማውጣትና ደውሎ መጥራት የካርድ ክፍል ሥራ ነው። ስድስተኛው መስመር ላይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት፣ ዕድሜ ሠላሳ አራት ይላል። ማህደር ሁለቱንም ማህደሮች አወጣች። ባለ አረንጓዴው የአንድ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በሕይወቱ እዚያ ሆስፒታል የመጣው እጁ ተሰብሮ አንድ ጊዜ ነው። መስመር የሌለው ደግሞ ለሆስፒታሉ ጋውንና አንሶላ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው። የደም ውጤቱ ከዓመት ዓመት ሲከፋ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ሳቂታ ልብስ ሰፊውን ድጋሚ የተመዘገበ መስሏት አጥፍታዋለች፤ የደም ውጤቱ ግን በላቦራቶሪው ሠንጠረዥ ቀርቶ፣ በቁጥሩ ሰበብ ሾፌሩ ላይ ተለጥፏል።

ማህደር ልብስ ሰፊውን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ለሾፌሩ ደወለች።

በማግስቱ ሾፌሩ ከሚስቱ ጋር መጣ። አውቶቡሱን ለሌላ ሰው አስረክቦ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ሚስቱ ፎጣና ፒጃማ በፌስታል ይዛለች፤ ይተኛል ብላ። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን በማህደር መስኮት ትይዩ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ ሚስትየዋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«እህቴ፣ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል ይባላል። እውነት ነው?»

«ሐኪሙ ይነግሩሻል» አለች ማህደር፣ ቀና ሳትል።

ሾፌሩ ምንም አልነበረበትም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ከመጡት ሃያ ሰዎች ዘጠኙ እንደ እሱ ጤነኞች ሆነው ተገኙ። ሐኪሙ በኮሪደሩ ላይ ሰው እየሰማው «ይህን ኮምፒውተር ያስተማረው ሰው መጀመሪያ ራሱ ይማር» አለ። ማህደር ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ መደበቅ አይቻልም፣ ደስ አላት። ሽቅብ ወጥታ በመስታወቱ አየች። ሳቂታ ምሳዋን ሳትከፍት ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች። «ሳቂታ» የሚለው ስም ያን ቀን የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ማህደር ደረጃውን ስትወርድ ደስታው አብሯት እስከ ግማሽ መንገድ ወረደና ጠፋ።

ሰኞ ዕለት ልብስ ሰፊው የተሰፉ ጋውኖች ታቅፎ መጣ። ጫማው አልገባ ብሎት ተረከዙን ረግጦታል። እግሩ እንደ ሊጥ አብጧል። በመስኮቱ ጠርዝ ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ እግርዎ ምን ሆነ?»

«መቀመጥ ነው እቴ። የስፌት ነገር ታውቂው የለ። ወንበር ካለሽ አቀብዪኝ።»

ማህደር ወንበሩን አላቀበለችውም። ማህደሩን ከመደርደሪያው መዝዛ ክንዱን ያዘች፤ ወረፋውን አልፋ፣ የሰውን ጉርምርምታ ችላ ብላ ሐኪሙ ዘንድ አስገባችው። ከዚያ የሾፌሩን ማህደር ጨምራ ሁለቱን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። የመስታወቱን በር ስታንኳኳ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ እስከዚያ ከውጭ ነበር የምታየው።

«ቁጥሩ ሁለት ሰው ነው» አለች፤ ማህደሮቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርጋ። ስለ ጣሪያው፣ ስለ በሰበሰው መዝገብ፣ ስለ መስመሩ ነገረቻት።

ሳቂታ መስመሩን በጣቷ ነካችው። «ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

«ረስተሽው ነው?»

አዎ ብትል ይበቃ ነበር። ሳቂታም እንደዚያ እንድትላት የፈለገች ይመስላል።

«አልረሳሁትም» አለች ማህደር። «እዚህ መቀመጥ የነበረብኝ እኔ እንደሆንኩ ነው የሚመስለኝ። እስካሁንም።»

ሳቂታ «በእኔ ከተቆጣሽ እኔን መስደብ ነበር» አለች። «እነዚያ ሰዎች ምን አደረጉሽ?»

ማህደር የልብስ ሰፊውን ማህደር ገልጣ ወደ እሷ ገፋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስት ሳምንት ሠሩ። ከዳይሬክተሩ ፈቃድ ተገኝቶ ስም ወደ ሠንጠረዡ ተመለሰ። ማህደር ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞረች «መስመር አለው፣ መስመር የለውም» እያለች ታነባለች፣ ሳቂታ አዲስ ዓምድ ከፍታ ትጽፋለች። የደም ውጤቶቹን ደግሞ በተወሰዱበት ቀንና በሰውየው ስም እየለዩ ለባለቤቱ መለሱ። ስሙም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ካርድ ክፍል በአንዱ «ጸ» የጻፈውን ላቦራቶሪው በሌላው «ፀ» ጽፎታል፤ ለኮምፒውተር ደግሞ ሁለቱ ፊደሎች እርስ በርስ ባዕድ ናቸው። እሱንም አንድ አደረጉ። ከማጋባታቸው በፊት ስንት ሰው እንዳለ ቆጠሩ፣ ካጋቡ በኋላም ቆጠሩ፤ ሲለያይ እስኪገኝ ፈለጉ። ሦስት መቶ ያህሉ ከማንም ጋር አልገጠሙም። ሳቂታ በግድ አላገናኘቻቸውም፣ አላጠፋቻቸውምም፤ ለብቻ አስቀመጠቻቸው። በመጨረሻ ሃምሳ ሰው በዕጣ አውጥተው አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አመሳከሩ።

ሁለተኛው ዝርዝር ሲወርድ ሐኪሙ ራሱ ካርድ ክፍል መጥቶ «ይሄኛውስ ሰው ያየው ይመስላል» አለ። ኮምፒውተሩ ሳይሳሳት አልቀረም፣ ማሽን ነውና፤ ግን የጠራቸው አብዛኞቹ መጠራት የነበረባቸው ሰዎች ነበሩ። ልብስ ሰፊው ከነሱ ቀድሞ መድኃኒት ጀምሯል። ኩላሊቱ እንደ ድሮው አይሆንም አሉት፤ ይቆያል ግን አሉት።

ዳይሬክተሩ ስህተቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ ሳቂታ «የእኔ ነው፤ ወረቀቱን ሳላይ ነው ያጠፋሁት» አለችው። የማህደርን ስም አላነሳችም። ማህደር ይህን ከሌላ ሰው ሰማች። ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ሄዶ ያቅፋት ነበር። እሷ ግን ማታ ባሏ አጠገብ ጋደም ብላ፣ በዚህም በለጠችኝ ማለቷን ልብ አለችና አፈረች። ማፈሯም ነገሩን አላጠፋውም።

አሁንም ምሳ አብረው የሚበሉበት ቀን አለ። ሳቂታ ትስቃለች፤ ጨዋታው ግን እንደ ድሮው ሁሉን አይነካም። ለመስመሩ አዲስ ዓምድ ሲገባ «የካርድ ክፍል ዓምድ» ተባለ፤ ዓመታዊው ሪፖርት ላይ ግን የወጣው የሳቂታ ስም ብቻ ነው። ማህደር ሪፖርቱን አንብባለች፣ ሁለት ጊዜ።

ባለፈው ሐሙስ ከላይ ስልክ ተደወለ። ሳቂታ የአንዲት ታካሚ የትውልድ ዓመት ጠየቀቻት። ማህደር ማህደሩን ሳታወጣ በቃሏ ነገረቻት፤ ትክክል ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለች ሳቂታ።

ጥቂት ቆይቶ የእግሯ ድምፅ ከደረጃው ወረደ። ከወረቀቱ ጋር ልታመሳክር ነው የመጣችው። ይቅርታም አልጠየቀች፣ ሰበብም አልፈጠረች። ማህደር ማህደሩን አውጥታ፣ ገጹን ገልጣ በመስኮቱ አሳለፈችላትና ቀጣዩን ታካሚ «የአባትህ ስም ማን ነው?» አለችው።