ማንጎዋ ላይ የተለጠፈው ቀይ

ዶና ዙልሚራ በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ ሰማያዊ ነገር በገዛ እጇ ገዝታ አታውቅም። ባልዲዋ ቀይ ነው፣ ነጠላ ጫማዋ ቀይ ነው፤ የጋዝ ሲሊንደሩ ከፋብሪካ ሰማያዊ ሆኖ ቢመጣባት ቀለም ቀቢ ጠርታ ቀይ አስደርጋዋለች። ለባሏ ለቫልዶሚሮ የታዘዘለት የደም ግፊት ክኒን ሰማያዊ ሆኖ የተገኘ ጊዜ ደግሞ ቤቱ ሁለት ቀን ሙሉ ሰላም አጣ። በመጨረሻ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ መዋጥ ለመደ፤ እሷም ብልቃጡን በቀይ ጨርቅ ጠቀለለችለት።

ቪላ ዳስ ጋርሳስ ውስጥ ይህ እብደት አይደለም። በትልቁ ወንዝ መሐል ያለችው ይህች የደሴት ከተማ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ ቀይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ሰማያዊ ናት። ቀዮቹ ብራዛ የሚባል በሬ አላቸው፤ ከሽቦና ከከፋይ የተሠራ፣ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚያስጨፍረው። ወዲያ ያሉትም የራሳቸው በሬ አላቸው፤ ቀይ ሰው ግን ስሙን አይጠራም። "ያኛው" ይለዋል፣ በቃ። በየዓመቱ በሰኔ ሁለቱ በሬዎች ስታዲየሙ ውስጥ ሦስት ቀን በዘፈንና በጭፈራ ይፋለማሉ። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ የተሸነፈው ያኮርፋል፣ ያሸነፈው ይሳደባል።

የዙልሚራ ቤት ከስታዲየሙ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቆመ ነው። ግቢው ውስጥ አንዲት ማንጎ አለች። ብራዛ ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት የሚቆመው እሷ ጥላ ሥር ነው፤ ከዙልሚራ እናት ጊዜ ጀምሮ ሌላ ቦታ ቆሞ አያውቅም። ዙልሚራ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ለበሬው ውሃ በቅል ስታቀርብ፣ ከከፋዩ ሥር አንድ ላብ ያጠመቀው እጅ ወጣና ቅሉን ከነጣቷ ያዘው። ቶሎም አልለቀቀውም። ያ እጅ የቫልዶሚሮ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በብራዛ ሆድ ውስጥ ጨፍሯል፤ በሬው ውስጥ የሚገባውን ሰው እዚያ "አንጀት" ይሉታልና፣ ጉልበቱ አልቆ ከተቀመጠ በኋላም ሰፈሩ "አንጀቱ" እያለ ነው የሚጠራው። ዙልሚራ በዚያችው ማንጎ ሥር ታካካ ትሸጣለች፤ ሽሪምፕና ምላስ የሚያደነዝዝ ቅጠል የገባበት ትኩስ ሾርባ ነው። ኑሮዋ ይኸው ነው። ቤት፣ ማንጎ፣ ድስት።

አንድ ስብራት አለባት። ታናሽ እህቷ ኢራሲ ከአርባ ዓመት በፊት ወዲያ ያለ አናጢ አግብታ ቀለም ቀየረች። ዙልሚራ ሠርጉ ላይ ቀይ ለብሳ ሄዳ ስታለቅስ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ይጠያየቃሉ፤ በሰኔ ግን ስልክ እንኳ አይደዋወሉም።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ስታዲየሙ አርጅቷልና ከነዙሪያው እንደ አዲስ ይሠራል የሚል ወሬ መጣ። መንግሥት የሕዝቡን ሐሳብ ይሰብስብ ብሎ አንድ ቢሮ ቀጠረ። ቢሮው ከሳኦ ፓውሎ ታሊታ የምትባል ወጣት ላከ፤ ጎበዝ፣ ትሁት፣ ፀሐይ ያቃጠላት ልጅ። በቀዮቹ ሰፈር ትምህርት ቤት አዳራሽ ከአየር ላይ የተነሣ ትልቅ የከተማው ፎቶ በሰሌዳ ላይ ሰቀለች። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ቀይና ሦስት ሰማያዊ ክብ ስቲከር አደለች። ቀለሙን የመረጠው ሳኦ ፓውሎ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ስለ በሬ የሚያውቀው ጥብሱን ብቻ ነው።

ታሊታ ማይኩን ይዛ፣ "ሰማያዊውን..." ከማለቷ አዳራሹ በፉጨት ተናወጠ። ልጅቱ የደስታ መስሏት ሳቀች። "እንዲቆይላችሁ በምትፈልጉት ላይ" ብትል ማን ሰምቷት። ፉጨቱ በረድ ሲል ሌላውን ከፍ አድርጋ፣ "ቀዩን ደግሞ..." አለች። ቀይ የሚለውን መስማት ነበር፣ ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። "እንዲነሣ በምትፈልጉት ላይ ለጥፉ" ያለችው በጭብጨባው መሐል ሰምጦ ቀረ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎም ነበር። ዙልሚራ መነጽሯን ቤት ረስታዋለች፤ መነጽር ያደረጉትም አላነበቡትም።

"ልጄ፣ እነዚህን ምን ላድርጋቸው?" አለች ዙልሚራ ሰማያዊዎቹን በዓይኗ እያሳየች።

"ደስ ያለዎት ቦታ ላይ ይለጥፏቸዋላ፣ ዶና።"

"እኔ? በጣቴ? ነይ አንቺው ውሰጂልኝ።"

ሌላውም ሰው እንደዚያው መለሰ። ታሊታ አንድ ቅርጫት ሰማያዊ ስቲከር ሰብስባ፣ የዚህ ሰፈር ሰው እንዲቆይለት የሚፈልገው ነገር የለም ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ሰሌዳው ሦስት ቀን ክፍት ነበር። ዙልሚራ ሦስቱንም ቀን አላረፈችም። ቤት ለቤት ዞረች። "ማንጎዋን አትርሱ፣ ብራዛ የት ሊቆም ነው?" እያለች ለመነች፤ ቀይ ለጥፎ ለመጣ አንድ ቅል ታካካ በነጻ አቀረበች። የሰማንያ ስምንት ዓመቷን ዶና ፊሎሜናን በባለሦስት እግር ብስክሌት አስጭና አምጥታ፣ የሚንቀጠቀጥ ጣቷን ይዛ አስለጠፈቻት። በሦስተኛው ቀን ማምሻ ላይ መነጽሯን አድርጋ ግቢዋ ላይ ያረፉትን ቀዮች አንድ በአንድ ቆጠረች። ሁለት መቶ አሥራ አራት። ቤቷ ገብታ ለቫልዶሚሮ፣ "ማን ሊነካን" አለችው።

ከአራት ወር በኋላ ውጤቱን ለማሳየት ከተማው በሙሉ ረፋድ ላይ ስታዲየሙ ውስጥ ተጠራ። ቀዩ በቀዩ በኩል፣ ሰማያዊው በሰማያዊው በኩል ተቀመጠ። ሜዳው መሐል ጠረጴዛ ላይ አዲሱ ስታዲየም በካርቶን ተሠርቶ ቆሟል፣ ከነመንገዱ፣ ከነዛፉ። ሰዉ በተራ እየወረደ አየ። ቀድሞ የነቃው ቫልዶሚሮ ነው።

"አንቺ ዙል፣ ማንጎዋ የታለች?"

ዙልሚራ ጎንበስ ብላ ፈለገች። ግድግዳውን አገኘችው። ከግድግዳው ሥር ግን ለጥ ያለ ግራጫ ነገር አለ፣ በላዩ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ የፕላስቲክ አውቶቡሶች ተደርድረውበታል። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ታሊታን ጠራቻት።

"ልጄ፣ እኔን እኮ ረስታችሁኛል።"

"የርስዎ የቱ ጋ ነው፣ ዶና?"

"እዚህች ጋ። አውቶቡሶቹ ሥር።"

ታሊታ ወረቀቷን ገለጠች። "አልረሳንዎትም" አለች ቀስ ብላ። "እንዲያውም ከከተማው ሁሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይህ ቦታ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቀይ።"

"አዎ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት። እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ።"

"እንግዲያውስ..."

"እንግዲያውስ ምን?"

"ዶና ዙልሚራ፣ ቀይ ማለት ይፍረስ ማለት ነው።"

ዙልሚራ ክው ብላ ቀረች። ጣቷ አንዷ አውቶቡስ ላይ እንዳረፈ ነው፤ ማንሣቱ ጠፋት። የታሊታ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ የምትለው አይሰማትም። በዓይኗ ላይ የሚሄዱባት እጃቸውን ይዛ የጎተተቻቸው ሰዎች ናቸው፦ ዳቦ ጋጋሪው፣ የቄሱ ምግብ አብሳይ፣ ዶና ፊሎሜና። ያቺን የምትንቀጠቀጥ ጣት ማንጎዋ ላይ ጫን አድርጋ ያስለጠፈችው እሷ ናት። ሾርባ እያጠጣች ቤቷን አስፈረደችበት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ይፍረስ አስባለችው።

"ለምን ማንም አልነገረኝም?" አለች ታሊታ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ አሁን ገና ሁለቱን ወገን አሻግራ አይታ ነገሩ ገብቷታል።

"ለምን አልጠየቅሽም?" አላት ቫልዶሚሮ።

ወዲያ ያሉትስ? እነሱም እንደ ቀዮቹ ሕጉን አልሰሙም። በነሱ አዳራሽም የገዛ ቀለማቸው ሲጠራ ተጨበጨበ፣ ቀይ ሲባል ተፏጨ፤ የሚወዱት ሁሉ ላይ ሰማያዊ ለጠፉ። ስለዚህ የነሱ ሁሉ ይቆያል። የዓሣ ማድረቂያ ዳሳቸው ሳይቀር ካርቶኑ ላይ ቆሟል፤ ቢያሸቱት ሳይገማ አይቀርም። በዕድል መሸነፍ የሚያንገበግበው ለዚህ ነው፣ የሚሰደብ ሰው እንኳ የለም።

ታሊታ የቢሮ ባልደረቦቿን አማክራ ተመለሰች። ውጤቱ ተመዝግቧል፤ እሷ መሰረዝ አትችልም። ማስተካከያ ግን አሥራ አምስት ቀን ይፈቀዳል። ሰዎች መጥተው እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ እዚያው ግቢ ላይ፣ ከቀዩ የሚበልጥ ሰማያዊ ከለጠፉ ቦታው ይተርፋል።

"ሰማያዊ" አለች ዙልሚራ።

"ሰማያዊ" አለች ታሊታ፤ ቃሉ አፏ ውስጥ የከበዳት መሰለች።

ቫልዶሚሮ ቤት ሲገቡ፣ "ይፍረስ" አለ። "ሰማያዊ ተለጥፎበት ከሚቆም ይፍረስ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው መሳቂያ አልሆንም።"

"የት ልንገባ ነው ታዲያ?"

ሰውዬው ጉልበቱን ማሸት ያዘ። ጎረቤቶቿም ስታናግራቸው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ዶና ፊሎሜና ብቻ ፊት ለፊት ነገረቻት፤ "ልጄ፣ እኔ መሞቻዬ ደርሷል። በዚህ ጣት ሰማያዊ ነክቼ ምን ብዬ ልቀበር?"

ዙልሚራ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ብቻዋን ሄደች። ስቲከሩን ስትልጠው ጣቷ ላይ ተጣበቀና አለቅም አለ። አራገፈችው፣ በሌላው እጇ ብትይዘው እዚያም ተጣበቀ። እንደ ምንም ብላ ማንጎዋ ላይ ለጠፈችውና በትምህርት ቤቱ ቧንቧ እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች። በአሥረኛው ቀን ቫልዶሚሮ ሳይነግራት ሄደ። እንደ ክኒኑ ዓይኑን ጨፍኖ ለጠፈ፤ ሲገልጥ ስቲከሩ ወንዙ መሐል አርፏል። በአሥራ አራተኛው ቀን ሰሌዳው ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰማያዊ ነበር፣ የወንዙን ሳይጨምር። ዙልሚራ ድስቶቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች።

በመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሰዓቱ ሳያልቅ አሥራ ዘጠኙን እንደገና ልቁጠር ብላ አዳራሹ ገብታ ቆማ ነበር። ውጭ ያለው ሰው ድንገት ጸጥ አለ። ዞር ስትል ኢራሲ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከራስ እስከ እግሯ ሰማያዊ ለብሳለች፣ በቀዮቹ ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለች ኢራሲ።

"ምን ብዬ?"

"'እህቴ፣ ጅል ነኝ' ብለሽ። ይሄን ለማለት ምን አቃተሽ?"

ዙልሚራ ከእህቷ ትከሻ በላይ እያየች ነበር። የሰው ሰልፍ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ መንገዱን ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይደርሳል። ሰማያዊ ኮፍያ፣ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሰማያዊ ጃንጥላ። ቀዮቹ ደጃፋቸው ላይ ደርቀው ቀርተዋል፤ አንድም ሰው አላፏጨም። ከሰልፉ ፊት ያለው ኦታሲሊዮ ነው፣ የያኛው በሬ አንጀት፣ ቫልዶሚሮን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሜዳ ላይ ሲሰድብ የኖረው።

"አንተ ሽማግሌ፣" አለው ኦታሲሊዮ በሩ አጠገብ የቆመውን ቫልዶሚሮን አልፎት ሲገባ፣ "ብራዛ የሚቆምበት ካጣ እኔ በሰኔ ማንን ልስደብ? ሚስቴን?"

ቫልዶሚሮ ከበሩ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀለት።

እየገቡ ለጠፉ። ጣታቸው አይንቀጠቀጥም፣ ለነሱ ቀለማቸው ነው። ማንጎዋ ተሸፈነች፣ ጣሪያው ተሸፈነ፣ ቀዩ ሁሉ ሥር ገባ። ሰሌዳው ሲዘጋ ሦስት መቶ ሰባ አንድ ደርሷል። ዙልሚራ ግድግዳውን ተደግፋ አየች። ደስታ አልነበረም የያዛት፣ ድንጋጤ ነው፤ ካርቶኑ ፊት የደነገጠችውን ያህል፣ እንዲያውም የባሰ። ያኔ ቤቷን ያጠፉት የሷ ሰዎች ነበሩ። አሁን ያተረፉት እነዚህ ናቸው። ስድሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንን ስትጠላ እንደኖረች ግራ ገባት።

ታሊታ መዝገቧን ይዛ መጣች። "ማስተካከያው ያለ ስም አይጸናም፣ ዶና። 'በማን ጠያቂነት' የሚል ቦታ አለ። የቦታው ባለቤት ነው የሚናገረው። ማን ልበል?"

"ያኛው" አለች ዙልሚራ።

"ያኛው ማን?"

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት፣ ቀዩም ሰማያዊውም። ቫልዶሚሮ ጉልበቱን ያያል። ኢራሲ ዓይኗን ከእህቷ አልነቀለችም፤ አርባ ዓመት የጠበቀችው ነገር እንዳለ አሁን ያስታውቅባታል። ዙልሚራ ከንፈሯን አራሰች። የዚያን በሬ ስም አፏ ሠርቶት አያውቅም፤ ገና አፉን እንደሚፈታ ሕፃን ተኮላተፈችበት።

"ሴሬኖ።"

"አልሰማሁም፣ ዶና" አለች ታሊታ እስክሪብቶዋን አንሥታ። "ይድገሙልኝ።"

ዙልሚራ እህቷን እያየች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ሴሬኖ" አለች። በዚህኛው ጊዜ ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አላፏጨም፤ ቃሉ ጥርት ብሎ እስከ አዳራሹ ጥግ ተሰማ።