ምንም ያልመሰለው ድንጋይ

ወልደየሱስ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ከባቡር ሐዲዱ ሥራ ጋር ጅቡቲ ወርዶ፣ ሥራው ሲያልቅ እዚያው ቀረ። በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ የስንቱን ቤት ደጃፍ እሱ እንደ ጠረበው የሚያውቅ የለም፤ እሱም አይናገርም። ዝም አይነቅዝም የተባለው ለእሱ ዓይነቱ ሰው ነው። ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ የጠረበው ሁሉ ፈረንጅ በወረቀት ነድፎ የሰጠውን ነበር። ከራሱ ልብ አንድ ነገር አውጥቶ አያውቅም።

የሥራ ባልንጀራው ክፍሌ በንዳድ ሲሞት፣ የሟቹ ሚስት ወርቅነሽ ወደ ወልደየሱስ መጣች።

«መስቀሉ ከራስጌው አለ። ከግርጌው ደግሞ ባየሁት ቁጥር እሱን የሚያስታውሰኝ ድንጋይ አቁምልኝ» አለችው።

እሺ አለ፤ እሺ ማለት ምን ይከብዳል! ከዚያ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ድንጋዩ ፊት ተቀምጦ ሲያፈጥ ከረመ። ሰው እንዳይቀርጽ ነገሩ ክልክል ነው፤ በእኛ ዘንድ ቅዱሳን እንኳ ይሣላሉ እንጂ በድንጋይ አይቀረጹም። አበባ እንዳይቀርጽ፣ ክፍሌና አበባ ምንና ምን ናቸው?

የወልደየሱስ ሚስት አሰፋሽ በአንዲት ፈረንሳዊት ቤት ትሠራ ነበር። ማዳሟ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሏት ወደ አገሯ ስትመለስ፣ የተረፋትን የውኃ ቀለምና ወረቀት ትታላት ሄደች። አሰፋሽም «ድስት ብትተውልኝ ምን ነበረበት!» እያለች አምጥታ ባሏ ፊት ዘረገፈችው።

ወልደየሱስ የክፍሌን ፊት ሊሥል ሞከረ። እጁ መዶሻ እንጂ ብሩሽ የት ያውቃል? ውኃ አበዛና ፊቱ ተንዶ እስከ ወረቀቱ ግርጌ ወረደ።

«ወይ ጉድ! ሟቹን ደግመህ ገደልከው!» ብላ አሰፋሽ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ሰማያዊው ቀለም ባንድ ወገን ተጠራቅሞ ከብዷል፤ በሌላው ወገን ስስ ሆኗል፤ መካከል ላይ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሉን ተወና ቀለም ማፍሰስ ያዘ። ወረቀቱን በውኃ ያርሳል፣ ያፈስበታል፣ ያዘነብለዋል፣ ይጠብቃል። የወፈረበትን «እዚህ ድንጋዩ ይበዛል»፣ የሳሳበትን «እዚህ ይጎድላል»፣ ነጭ የቀረውን «እዚህ ይበሳል» ይላል። አርባ ያህል ወረቀት ከጨረሰ በኋላ መሮውን አነሣ። ድንጋዩ ባሥረኛው ቀን አለቀ። ምን እንደሆነ ግን ሠሪውም አያውቀው።

መቃብሩ ላይ እንደ ቆመ ወሬው ሰፈሩን ሞላው፦ «ወልደየሱስ ጣዖት አቆመ!» የንስሐ አባቱ መምሬ በዕውቀቱ ጆሮ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ፋሲካ ሳምንት ቀርቶታል። እሱና አሰፋሽ ቆራቢዎች ናቸው፤ ከተወገዘ ከእሷ ጋር ሊቆርብ አይችልም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ መምሬ ከመቃብሩ ቦታ አስጠሩት።

ወርቅነሽም መጥታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። መምሬ ድንጋዩን ሦስት ጊዜ ዞሩት።

«ሰው ነው?»

«አይደለም መምሬ።»

«አሞራ?»

«ኧረ አይደለም።»

«ዓሣስ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔም አላውቀው። ቀለም ሲፈስ አይቼ የጠረብኩት ነው» አለ።

መምሬ መቋሚያቸውን ወደ ድንጋዩ ጠቆሙ። «ሕጉ በላይ በሰማይ፣ በታች በምድር፣ በውኃም ውስጥ ያለውን አትቅረጽ ነው የሚለው። ይህ ደግሞ ከሦስቱም ቦታ የለም። የሌለን ነገር ምን ብዬ ላውግዝ? ለፋሲካ ተዘጋጅ» ብለው ባርከውት ሄዱ።

ወልደየሱስ አሸዋው ላይ ዘጭ አለ። እንባና ሳቅ ተቀላቀሉበት። የባሕሩ ነፋስ እንኳ ደስ አለው።

ወርቅነሽ መምሬ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ አንሥታ ድንጋዩን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ምላሴን ነክሼ ነው የቆምኩት» አለች። «ክፍሌ እኮ ነው!»